የብርቱካን አትክልት ባለውለታ

ቀይ ጢንዚዛ በአትክልታችን ባየን ጊዜ ከተባይ ቈጥረን የጨፈለቅንበት ቀን አለ። የካሊፎርንያ ሰዎች ግን የእርስዋን ዘመድ በመርከብ አስመጥተዋል። ምክንያቱም ከአውስትራልያ የገባ ጥጥ መሳይ ተባይ የብርቱካኑን ዛፍ እየመጠጠ ቢያደርቀው፣ ገበሬዎቹ ሳሙናና መርዝ ረጩ፤ ባይሆንላቸው ዛፎቻቸውን ነቅለው አቃጠሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1888 አልበርት ኮቤሌ ወደ ተባዩ አገር ተልኮ፣ ይህንኑ ተባይ የምትበላ፣ ምስር የምታህል ጢንዚዛ አገኘ። በመጀመሪያ የደረሱት 129 ብቻ ሲሆኑ፣ በድንኳን በተሸፈነ አንድ ዛፍ ላይ ተለቀው ተባዙ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም አትክልቱ ዳነ። መርዙ ይህን አላደረገም!

በ1940ዎቹ ግን ዲዲቲ ቢረጭ ጢንዚዛይቱ አለቀች፤ ተባዩም ተመለሰ። ገበሬዎቹም አባቶቻቸው በነጻ የወሰዱዋትን ጢንዚዛ በገንዘብ ይገዙ ጀመር።