የሰው አገር የጤና ጥናት በእኛ ገበያ ስንት ያወጣል?

የመርካቶ ነጋዴ የዱባይን ዋጋ ስለሰማ ብቻ ዕቃ አያዝም። የማጓጓዣውን፣ የቀረጡንና የምንዛሪውን ደምሮ፣ ዕቃው መደብሩ ደጃፍ ሲደርስ ስንት እንደሚፈጅ ካሰላ በኋላ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ በቀላሉ ይረሳል። «በእንግሊዝ አገር ተጠንቶ አዋጭነቱ ተረጋግጧል» የሚል ወረቀት ሲቀርብ ስሌቱ ለኢትዮጵያም የሚያገለግል ይመስላል።

የጤና ኢኮኖሚ ጥናት የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ አዲሱ ሕክምና ከነባሩ አሠራር በላይ ስንት ገንዘብ ይጠይቃል፣ በዚያ ተጨማሪ ገንዘብስ ምን ያህል ጤና ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የእንግሊዝ የሕክምና ምዘና ተቋም ናይስ፣ በሙሉ ጤና ለሚኖር አንድ ተጨማሪ ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ማውጣትን ለብዙ ዓመታት ተገቢ ሲል ቆይቷል። ይህ ልክ ለእንግሊዝ ኪስ የተሰፋ ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትን እንውሰድ። ክትባቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ለንደንም ጅማም ያው ነው። ዋጋው ግን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት አንዱን ዶዝ በ4.50 ዶላር ሲዋዋል፣ በበለጸጉ አገሮች ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ይደርስ ነበር።

ማነጻጸሪያውም ይለያያል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሴቶችን እየጠራች የምትመረምርበት አገር አቀፍ አሠራር ስላላት፣ ክትባቱ የሚጨምረው ጥቅም በዚያ ላይ የሚደረብ ነው። ምርመራው ጥቂቶችን ብቻ በሚያዳርስበት አገር ግን ክትባቱ የሚያድነው ሕይወት ይበዛል። የውጭው ስሌት እንዳለ ቢገለበጥ ኖሮ ይህን ጥቅም አሳንሶ፣ ወጪውን አግንኖ ያሳይ ነበር። ኢትዮጵያ ክትባቱን በጋቪ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች።

ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። የባለሙያ ደመወዝ ውድ በሆነበት አገር የሰው ጉልበት የሚቆጥብ የላቦራቶሪ መሣሪያ ወጪውን ቶሎ ሊመልስ ይችላል። እዚህ ግን ደመወዙ በብር ነው፤ መሣሪያው፣ መለዋወጫውና ኬሚካሉ በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ቀን በፊት በብር የተሠራ አዋጭነት፣ የአገር ውስጥ ጥናት ቢሆንም እንኳ፣ እንደገና መሰላት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተሰማውን የነፍስ ወከፍ ገቢን እስከ ሦስት እጥፍ የሚያደርስ መለኪያም ብቻውን መያዝ አያዋጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ብቻውን መወሰኛ እንዳይሆን አሳስበዋል፤ የአገሪቱ በጀት መቻሉን አያሳይምና።

እንግዲህ አስመጪውም ሆነ ሆስፒታል የሚያቋቁመው ባለሀብት ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ጥናቱ ዕቃውን በስንት ዋጋ አስቦታል? ከየትኛው ነባር አሠራር ጋር አነጻጽሮታል? የሚከፍለው ማን ነው? የሕክምናው ፍቱንነት ድንበር ይሻገራል፤ ሒሳቡ ግን ቀረጥ ሳይከፍል አይገባም።