መጀመሪያ ጥይቱን ጠይቅ

አዘዞ ከጠመንጃ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የጦር ሰፈሩንና አውሮፕላን ማረፊያውን ይዞ የኖረ አገር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የኢጣልያ ምሽግ የወደቀውም በዚሁ በጎንደር ዙሪያ ነው፤ ጄኔራል ናሲ ህዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። እንዲህ ባለ አገር ስለ መሣሪያ ወሬ ሲነሳ አስተያየት የሚያጣ ሰው አይገኝም።

የጦር መሣሪያ ማወቅና የአደን ጠመንጃ መምረጥ ግን ለየቅል ናቸው። ወታደር ብዙ ጥይት በአጭር ጊዜ መተኮስ ይፈልጋል። አዳኝ የሚፈልገው አንዲት ጥይት ከትልቅ አውሬ ልብ ወይም ሳንባ ላይ እንድታርፍለትና እንስሳው ሳይሠቃይ እንዲወድቅ ነው። ዛሬ በየቤቱ መለኪያ የሆነው ክላሽንኮቭ ለዚህ ሥራ አቅሙ አጭር ነው። አረሩ 8 ግራም ገደማ ነው፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት 2,000 ጁል አካባቢ ነው። አያቶቻችን የያዙት የማውዘር ጥይት 13 ግራም የሚጠጋ አረር በ3,700 ጁል ገደማ ይወረውራል። ለትልቅ አውሬ አደን በዓለም ዙሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረጥ የኖረውም ይኸው ዓይነት፣ በእጅ ተከፍቶ በእጅ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ያለው ጠመንጃ ነው። ኪሱ ያልሞላ ሰው እንዴት ይመርጠዋል? መልሱ የሚጀምረው ከጠመንጃው ሳይሆን ከጥይቱ ነው፤ የራሳችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል።

ከውጅግራ እስከ ቤልጅግ

ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው ያጸደቁት የግራ ጠመንጃ ነው። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ተተኩሶ ሌላ እስኪጨመርለት ባዶ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ለበን ጠመንጃ ስትሸጋገር ይህ ሁሉ መሣሪያ ትርፍ ሆነ፤ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት በብዛት ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ እርሱ ነበር።

ለበን ከውጅግራ በብዙ ይበልጣል። በቱቦው ስምንት ጥይት ይይዛል፤ ባሩዱ ጢስ ስለሌለው ተኳሹን አያጋልጥም፤ ጠባቡ የ8 ሚሊ ሜትር አረርም ሩቅ ይሄዳል። ያም ሆኖ ውጅግራ ከገበሬው እጅ ቶሎ አልወጣም። ምክንያቱ ቀለሁ ነው። የውጅግራ ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ ተጠርጎ፣ ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል በአገር ቤት በተሠራ ጥቁር ባሩድ እንደገና ሊሞላ ይችላል፤ አረሩም ቀልጦ የሚፈስ እርሳስ ነው። የለበን ጢስ አልባ ባሩድ ግን ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ዝናሩ የጎደለበት የለበን ባለቤት ዱላ የያዘ ሰው ነበር። የውጅግራ ጥይት በየገበያው እንደ ሳንቲም ይመነዘር እንደነበር ስናስብ፣ ሰዉ ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱን እንዴት ይቆጥር እንደነበር እንረዳለን።

ሦስተኛው ማውዘር ነው። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ያበቃውን አሠራር የቤልጅግ ፋብሪካም ያመርተው ነበር። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ የክብር ዘበኛን ያሠለጠኑት የቤልጅግ መኮንኖች ስለነበሩ፣ ጠመንጃውም ቤልጅግ ተብሎ በአገራችን ስሙ ገነነ። ዛሬ የሚሠሩ የአደን ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የዚህ የ1898 ማውዘር ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

መቀርቀሪያው ምን ይሠራል?

አሠራሩ ከበር መቀርቀሪያ ብዙ አይርቅም። እጀታውን ወደ ላይ ማንሳት፣ ወደ ኋላ መሳብ፣ ወደ ፊት መግፋት፣ ወደ ታች ማጠፍ፤ አራት እንቅስቃሴ ነው። ሲሳብ ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ሲገፋ ከካርታው አዲስ ጥይት አንስቶ ያጎርሳል፤ እጀታው ሲታጠፍ ከመቀርቀሪያው ጫፍ ያሉ ሁለት የብረት ጆሮዎች ተሽከርክረው በጠመንጃው አካል ውስጥ ይቆለፋሉ። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ግፊት የሚያርፈው በእነዚህ ጆሮዎች ላይ ነው። ማውዘር እነዚያ ቢሰበሩ ተኳሹን የሚያድን ሦስተኛ ጆሮ ከኋላ ጨመረ። ቀለሁን ከጎን ይዞ የማይለቅ ረጅም መንጠቆም አበጀለት፤ ጠመንጃው በምንም አቅጣጫ ቢያዝ ጥይቱ ከመንጠቆው አያመልጥም። የጎሽና የዝሆን አዳኞች እስከ ዛሬ ይህን መንጠቆ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ጠመንጃው የሚቆሽሽበት የጋዝ ቱቦ፣ የሚደክምበት ብዙ ሞላ የለውም። ቀለሁ በሙቀት ወይም በአቧራ ቢጣበቅ እጀታው ሲነሳ የእጅ ኃይል አስለቅቆ ያወጣዋል። አፈሙዙና መቀርቀሪያው በጥብቅ ስለሚገጥሙ ጥይቱ ባነጣጠሩበት ይሄዳል። ቀርፋፋነቱ እውነት ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያ ጥይቱ ለሚተማመን አዳኝ ያ ጉድለት አይከብድም።

ለየትኛው አውሬ የትኛው ጥይት?

በአገራችን ዝነኛው የአደን እንስሳ በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ነው። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ለእርሱና ለመሰሎቹ የድሮው 7.92 ሚሊ ሜትር ማውዘር ወይም አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጡት «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ይበቃል፤ የኋለኛው ወደ 3,900 ጁል ይደርሳል። ጎሽና ዝሆን ሌላ ወገን ናቸው። ለእነሱ የእንግሊዙ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው «ሦስት መቶ ሰባ አምስት» 19 ግራም ከሚያልፍ አረር ጋር 5,800 ጁል ገደማ ይዞ ይመጣል፤ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ከዚህ ያነሰ አይፈቅዱም።

ትልቅ ጥይት ግን ትከሻን ይመታል፤ ምቱን የፈራ ተኳሽ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ቤል ከሺህ በላይ ዝሆን የገደለው በአብዛኛው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘርና በመሰሎቹ ቀጫጭን ጥይቶች ነበር፤ የአውሬውን አካል ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ጥይቱን ከሚያስፈልገው ቦታ ላይ ያሳርፈው ነበር። የእርሱ ምሳሌ ለጀማሪ ትንሽ ጥይት እንዲይዝ ፈቃድ አይሰጥም። የሚያስተምረው ለአውሬው ከሚበቁት ጥይቶች መካከል ሳይፈሩ የሚተኩሱትን መያዝ እንደሚሻል ነው።

የአረሩ ዓይነትም ከመጠኑ ያልተናነሰ ነገር ነው። የወታደር አረር መዳብ በበዛበት ሽፋን ሙሉ በሙሉ ስለተሸፈነ አጋዘንን ሰንጥቆ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ይሸሻል፤ ጫካ ገብቶ በከንቱ ይሞታል። ለአደን የሚሠራው አረር ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ሥጋ ሲነካ ይከፈታል። ለዝሆን ደግሞ አጥንት አልፎ እንዲገባ የማይከፈት ጠንካራ አረር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመጋዘን የተረፈ የወታደር ጥይት በርካሽ ማግኘት ለልምምድ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለአደን አይሆንም።

ርካሹ ከየት ይመጣል?

ጠመንጃ በሁለት መንገድ ይረክሳል። አንደኛው ውጅግራ የመጣበት መንገድ ነው፤ መንግሥታት አዲስ መሣሪያ ሲይዙ አሮጌው ይሸጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማውዘር በአሜሪካ በርካሽ ተሸጦ የብዙ ሰው የአደን ጠመንጃ የሆነው እንዲሁ ነው። ሁለተኛው መንገድ አሠራሩን ማቅለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የሳቬጅ 110 አፈሙዝ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚጠብቀው በአንድ ትልቅ ዳዶ ነው፤ ጥይቱ የሚያርፍበትን ልክ በባለሙያ እጅ እየሞረዱ ከማስተካከል ዳዶውን ማዞር በቃ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ገደማ ወዲህ ገበያ የያዘው ሩገር አሜሪካን ደግሞ ሰደፉን ፕላስቲክ አድርጎ በአሜሪካ ከ500 ዶላር በታች መሸጥ ጀመረ። ጎንደርን ለቆ ኮሎራዶ የገባና ሚዳቋ ለማደን የተመኘ ሰው በሱቁ የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ነው።

በእነዚህ ጠመንጃዎች ላይ የቀረው ነገር የሚታይ ነው። የለውዝ እንጨት ሰደፍ የለም፤ መቀርቀሪያው ሲሳብ ይሻክራል፤ ጌጥም የለውም። አፈሙዙ ግን በማሽን በጥንቃቄ የተሠራ ስለሆነ ከብዙ ውድ ጠመንጃ ባላነሰ ቀጥ አድርጎ ይተኩሳል። አንድ አዳኝ ከዚህ በላይ ከፍሎ የሚያገኘው በአብዛኛው ውበትና ምቾት ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ጥንቃቄው ይጨምራል። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን ማየት፤ የመቀርቀሪያው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር መግጠሙን ማመሳከር፤ ጥይት የሚያርፍበት ልክ እንዳልሰፋ በባለሙያ መለኪያ ማስለካት፤ መጠበቂያው መሥራቱን በባዶ መፈተሽ ያስፈልጋል። የድሮ የወታደር ጥይት መለኮሻ ከተኩስ በኋላ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል። እንደ ጎንደር ባለ ክረምተ ብዙ አገር ያን ዕለት በፈላ ውሃ ታጥቦ ዘይት ያልተቀባ አፈሙዝ ውስጡ በዝገት ይበላል።

ተራራው የሚጨምረው ነገር

የሰሜን ጎንደር ደጋ ለተኳሽ የራሱ ትምህርት አለው። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይት ከቆላው ይልቅ ፍጥነቷን ጠብቃ ትሄዳለች፣ መውደቋም ይቀንሳል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ደጋ ላይ እንደገና መፈተሽ አለበት። ገደልም ዓይን ያታልላል። የምድር ስበት ጥይትን የሚያወርደው በአግድም በምትሄደው ርቀት ልክ ነው። በ45 ዲግሪ ቁልቁለት 300 ሜትር የሚርቅ ዒላማ በአግድም ሲለካ 212 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ለ300 ሜትር ያነጣጠረ ሰው ጥይቱን በአውሬው ጀርባ ላይ ያሳልፈዋል።

ይህ እውቀት ግን በስሜን ተራሮች ለአደን አይውልም። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከኢጣልያ ወረራ ወዲህ ጠመንጃ በየሰፈሩ ሲበዛ ቁጥሩ ተመናምኖ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ ስፍራው በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆነ። ዛሬ በዚያ ገደል ጠመንጃ አንግቶ በሕግ የሚንቀሳቀሰው የፓርኩ ጠባቂ ነው። ሕጋዊ አደን የሚደረገው በዱር እንስሳት አዋጅ መሠረት በተለዩ የአደን ቀጠናዎች፣ ከዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በሚሰጥ ፈቃድ ነው። መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ያልተገኘለት ጠመንጃ በምንም ዋጋ ቢገዛ ርካሽ አይባልም።

ስለዚህ በጠባብ በጀት የሚገዛ ሰው ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። መጀመሪያ አውሬውንና ሕጉን ይወቅ፤ ቀጥሎ ለዚያ አውሬ የሚበቃ፣ በሚኖርበት አገር በየሱቁ የሚሸጥ ጥይት ይምረጥ፤ ጠመንጃውን ያንን ጥይት ከሚጎርሱት መካከል ይፈልግ። ርካሽ ጠመንጃ ብርቅ ጥይት የሚበላ ከሆነ ባለቤቱ በዓመት አምስት ጊዜ እንኳ ሳይተኩስ ይቀራል፤ ያልተለማመደ እጅ ደግሞ በውድ ጠመንጃም ይስታል። በዋጋው ላይ የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ መነጽርና ለልምምድ ጥይት ይዋል። ሁለት ጠመንጃ አማርጦ ዋጋቸው ቢቀራረብ፣ መቶ ጥይት ጨምሮ ለመግዛት የሚያስችለውን ይውሰድ።