የእስያ ምግብ ቤቶች በቦሌ፦ ቤቱ ብዙ፣ ቅርንጫፉ ጥቂት

በቦሌና ከቦሌ በስተ ምሥራቅ ባሉ ሰፈሮች የቻይና፣ የህንድ ወይም የኮሪያ ምግብ ቤት ማግኘት አያስቸግርም። ወደዚያ የሳባቸው የአካባቢው ሥራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ወደ ቻይና ይበራል፤ በ2011 ዓ.ም. ኤርፖርቱ አጠገብ የተከፈተው ስካይላይት ሆቴልም የቻይና ምግብ ቤት አለው። ገርጂ ላይ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው ሕክምና ማዕከል ይገኛል። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የኮሪያ፣ የህንድና የታይዋን አምራቾችን ከነባለሙያዎቻቸው አምጥቷል።

አብዛኞቹ ግን ነጠላ ቤቶች ናቸው። በሌላው ዓለም የእስያ ምግብ ትልቅ ንግድ የሆነው በቅርንጫፍ ነው። ፓንዳ ኤክስፕረስ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል ፉድ ኮርት ጀምሮ ዛሬ ከ2,000 በላይ ቅርንጫፎች አሉት። ትርፉ የሚመጣው ሶሱ በአንድ ቦታ ተዘጋጅቶ ስለሚከፋፈል፣ ሩዝና ዘይት በጅምላ ስለሚገዛ፣ በየቅርንጫፉም የተካነ ሼፍ ስለማያስፈልግ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሒሳብ መጀመሪያ የሚደናቀፈው በግብዓት ነው። ወደብ ሲደርስ 100 ብር የሚያወጣ ሶያ ሶስ ከፍተኛው የ35 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት 135 ብር ይሆናል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከልበት 171 ብር ገደማ ይደርሳል፤ ትራንስፖርቱና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተቆጠሩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ግብሩ የሚሰላው በመቶኛ ስለሆነ የዶላሩን ጭማሪ ተከትሎ እሱም ያድጋል። ነጠላ ቤት ሶስ ሲያልቅበት ምግቡን ከሜኑ ላይ ያነሣል፤ ደንበኛውም ይረዳዋል። ባለ ብዙ ቅርንጫፉ ግን የሚሸጠው ራሱ ተመሳሳይነቱን ነው፤ አንዱ ቤት ያለው ሌላው ከሌለው ስሙ ይጎዳል።

የአገር ውስጥ ምትክ የለም ማለት አይደለም። የፎገራ ሩዝ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አሁን በብዛት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል። ለህንድ ብርያኒ የሚፈለገውን ረጅም የባስማቲ ፍሬ አይተካም፤ ለተጠበሰ ሩዝ ግን በወጉ ከተበጠረና ከተለየ የማይሆንበት ምክንያት የለም። የጎደለው በየወሩ አንድ ዓይነት ጥራት ይዞ የሚያቀርብ ነው።

ገበያውም ለሁለት ይከፈላል። ቻይናዊው ደንበኛ የአሳማ ሥጋ ይጠብቃል፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አይነካውም። በአንጻሩ ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የህንድ ምስርና ሽምብራ፣ የቻይና ቶፉና አትክልት ብዙ ሳይለወጡ የጾም ምግብ ይሆናሉ፤ ቅቤ፣ እርጎ ወይም ሌላ የፍስክ ነገር እንዳይገባባቸው ብቻ ነው ጥንቃቄው። በርገር ቤት ይህ ዕድል እምብዛም የለውም። ይህን ዕድል በማስታወቂያ የሚጠቀሙበት ቤቶች ጥቂት መሆናቸው ይገርማል።

ሕጉ የራሱን አጥር ሠርቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 የተለመደውን የምግብ ቤት ሥራ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከልሎታል። ስለዚህ የውጭ ስም በዋናነት የሚገባው በፍራንቻይዝ፣ በኢትዮጵያዊ ኩባንያ እጅ ነው። ፒዛ ሀት በ2010 ዓ.ም. በበላይአብ ኩባንያ በኩል የመጣው በዚህ መንገድ ነበር። የስም ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ፣ ሽያጩ በብር መሆኑ ግን ለየትኛውም የእስያ ስም ዋናው ሥጋት ነው።

ለገበያው አዲስ ለሆነ ነጋዴ ቀለል የሚለው መንገድ ፉድ ኮርት ይመስላል። መቀመጫው፣ ጽዳቱና ጥበቃው የጋራ ስለሆነ ነጋዴው የሚከራየው ማብሰያውንና መሸጫውን ብቻ ነው። አንድ ቤተሰብም አንዱ ኑድል፣ ሌላው ሽሮ አዝዞ አብሮ ይበላል። የእስያ ምግብ ማብሰያ ግን ኃይለኛ እሳት፣ የጢስ ማውጫና የቅባት ማጥመጃ ይፈልጋል። ለልብስና ለሞባይል መሸጫ ታስቦ የተሠራ ፎቅ ላይ እነዚህን በኋላ መጨመር ውድ ነው። የፎቁ ክፍሎች ለተለያዩ ሰዎች ከተሸጡ ደግሞ ወጪውን የሚሸፍን፣ ተከራይ የሚመርጥ አንድ አካል አይኖርም። አከራዩ ወርኃዊ ኪራዩን በካሬ ከሚቆርጥ ከሽያጭ ድርሻ ቢወስድ አዳራሹን ለመሙላት እሱም ይተጋ ነበር፤ ለዚህ ግን የእያንዳንዱን መሸጫ ትክክለኛ ሽያጭ ማየት አለበት፤ ብዙ ነጋዴ የማይወደውም ይህንኑ ነው።

ቢዩና ደሊቨር አዲስን የመሳሰሉ የማድረስ አገልግሎቶች ከዚህ የኪራይና የአዳራሽ ወጪ የተወሰነውን ያስቀራሉ። ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ርካሽ ቤት የተከራየ ማብሰያ፣ የመመገቢያ አዳራሽ ሳይኖረው ለቦሌ፣ ለገርጂና ለሲኤምሲ ይሸጣል፤ በምትኩ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ኮሚሽን ይከፍላል።