የላላውን ሎደር ማጥበቅ

አሮጌ ሎደር ለመግዛት የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሣል። ጭሱን ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ በዋጋው ይከራከራል። እንደ እኔ ግን ሞተሩ መጨረሻ ቢታይ ይሻላል። የናፍጣ ሞተር አውርዶ የሚጠግን መካኒክ በየሰፈሩ ሞልቷል። ነገሩን የሚያውቅ ኦፕሬተር ባኬቱን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ያነሣና ረጅም ብረት ከሥሩ ሰክቶ ወደ ላይ ይፈነቅለዋል። ካንኳኳ፣ ክንዱ ሳይንቀሳቀስ ባኬቱ ብቻውን ከተንገጫገጨ፣ ፒኖቹና ፒኖቹ የሚዞሩባቸው ቦኮላዎች አልቀዋል ማለት ነው። የማሽኑን ዕድሜ ከሰዓት ቆጣሪው ይልቅ ይህ ንቅነቃ በታማኝነት ይናገራል። ሰዓት ቆጣሪ ይነቀላል፣ ይቀየራል። ሞላላ የሆነ የፒን ቀዳዳ ግን ከዓይን አይሰወርም።

በአዲስ አበባ ዳር ባለው ኮዬ ፈጬ ይህን ማሽን ሳያዩ ማለፍ ይከብዳል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣላቸው ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የዚህ ሰፈር ሕንፃዎች ይገኙበታል። ከሕንፃዎቹ በታች ያለው መሬት የአቃቂ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ በምትኩ ሰሌክት (የተመረጠ የሙሌት አፈር) ወይም ሬድ አሽ (ቀይ ጠጠር) ያስሞላል። የሚወጣውን ሲኖትራክ ላይ የሚጭነው፣ የሚገባውን የሚደለድለው ሎደር ነው። ይኸው አፈር ሎደሩንም ይበላዋል። ክረምት ላይ ጭቃው ፒኖቹ ዙሪያ ይጋገራል፤ በጋ ላይ አቧራው ከግሪስ ጋር ተቀላቅሎ ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል።

ሎደር ሲባል ብዙ ዓይነት ነው። ለሎደርነት ብቻ የተሠራ፣ ወገቡ ላይ የሚታጠፍ ትልቅ ማሽን አለ። ከፊቱ ባኬት፣ ከኋላው መቆፈሪያ የያዘው ባክሆ አለ። በእኛ አገር ብዙም የማይታየው ደግሞ ተራ የእርሻ ትራክተር ላይ፣ ወይም ለጓሮና ለአትክልት ቦታ በተሠራ ትንሽ ትራክተር ላይ የሚገጠመው የፊት ሎደር ነው። አሠራሩን ለመረዳት ግን የሚመቸው ይኸኛው ነው፤ ሁሉም ነገር ተራቁቶ ይታያል። ሁለት ክንዶች፣ ክንዶቹን የሚያነሡ ሁለት ጃኮች፣ ባኬቱን የሚገለብጡ አንድ ወይም ሁለት ጃኮች፣ በሞተሩ ጉልበት የሚሠራ ፓምፕ፣ ዘይቱን ወደሚፈለገው ጃክ የሚልክ ቫልቭ፣ ማጠራቀሚያና ማጣሪያ። ከዚህ ውጭ ያለው ቱቦና ብሎን ነው።

ጉልበቱ የሚመጣው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካስረዳው ነገር ነው፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ላይ የተጫነ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። የውስጥ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጃክ እንውሰድ። የፒስተኑ ፊት ወደ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ፓምፑ 150 ባር ግፊት ቢሰጥ፣ ጃኩ 3 ቶን ያህል ይገፋል። ሲስብ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ከፒስተኑ ፊት ቦታ ስለሚይዝበት ጉልበቱ ከ2 ቶን በታች ይወርዳል። ታዲያ ሁለት ጃክ 6 ቶን እየገፋ ትንሹ ትራክተር ለምን ጥቂት መቶ ኪሎ ብቻ ያነሣል? ጃኮቹ የሚገፉት ክንዱ ከታሰረበት ከሥሩ አጠገብ ነው፤ ጭነቱ ያለው ግን ከጫፉ ነው። ቁመትና ፍጥነት በጉልበት ይገዛል። በዚያ ላይ ጭነቱ ከፊት ጎማ አልፎ ስለሚንጠለጠል ከኋላ ክብደት ካልታሰረ ትራክተሩ ቂጡን ያነሣል። የፊት አክስሉም መጀመሪያ የተሠራው ለዚህ አይደለም፤ አሮጌ ትራክተር ላይ ሎደር የሚገጥም ሰው የፊት ኩሽኔታዎቹን ሳያይ መጀመር የለበትም።

ይህ ማሽን ከመነሻውም ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ዝምድና አለው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሲሪል ባምፎርድ እ.ኤ.አ. በ1945 በተከራያት ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ከጦርነት በተረፈ ብረት ተጎታች ጋሪ ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፎርድሰን ሜጀር በተባለው ትራክተር ላይ የሚገጠም ሎደር አወጣ፤ ዛሬ ጄሲቢ የምንለው ቢጫ ማሽን የዚያ ጋራዥ ልጅ ነው። ወደ እኛ የከባድ ማሽን ዕውቀት በሰፊው የገባው በመንገድ ሥራ በኩል ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1950 ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ለኢትዮጵያ መንገዶች የዋለ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሰበታ አጠገብ ያለው የመሥሪያ ቤቱ የአለም ገና ማሠልጠኛ ኦፕሬተርና መካኒክ ሲያፈራ የኖረ ቤት ነው።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚፈታው ባኬቱ ነው። ፒኖቹ በመዶሻ እንቢ ካሉ ይሞቃሉ፤ አንዳንዴም ተቆርጠው ይወጣሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቀዳዳ ይለካል። የተበላው ቦኮላው ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ አሮጌው ተመትቶ ይወጣና ቶርኖ ቤት አዲስ ያወጣለታል። ቦኮላው የሚቀመጥበት የክንዱ ቀዳዳ ራሱ ሞላላ ከሆነ ግን በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ክብ ሆኖ መሰርሰር አለበት፤ የግራውና የቀኙ ቀዳዳም በአንድ መሥመር መዋል አለባቸው። ጊዜና ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። እዚሁ ላይ ደግሞ መቆጠብ ይወደዳል፦ ላሜራ ጠቅልሎ ክፍተቱን መሙላት፣ ወፍራም ፒን ብቻ ማስገባት። ማሽኑ ለሽያጭ እስኪቀርብ ድረስ አያንኳኳም። ፒን ከተራ ለስላሳ ብረት መቅረጽም ያው ነው፤ ገጹ መጠንከር አለበት፣ ካልሆነ በአንድ በጋ ያልቃል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ክንዱ አልቆም ሲል ነው። ጭነት ይዞ ከፍ ብሎ ሳለ ሌቨሩ ሲለቀቅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ብዙ ጋራዥ ወዲያው ጃኩን ፈትቶ ጎሚኒ (ዘይት የሚይዘውን የፒስተኑን ላስቲክ) ይቀይራል፤ ማሽኑ በማግሥቱም ይወርዳል። ለምን? ጭነቱ የጃኩን ዘንግ ወደ ውስጥ ይገፋል። ዘንጉ በገባ ቁጥር የራሱን ያህል ቦታ ይይዛል፤ ያን ያህል ዘይት ከጃኩ መውጣት አለበት። ሁለቱም በሮች በቫልቩ በደንብ ከተዘጉ፣ የፒስተኑ ጎሚኒ ቢበላሽ እንኳ ዘይቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሻገራል እንጂ መውጫ የለውም፤ ክንዱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል። እንግዲህ ወደ ውጭ የሚንጠባጠብ ሳይኖር ሳያቋርጥ የሚወርድ ክንድ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫልቩ ነው። የተበላሸ ጎሚኒ ግፊቱን ስለሚያንረው የቫልቩን ማፍሰስ ያባብሳል፤ ሁለቱም ጥፋተኛ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። መለያው አያስቸግርም፦ ጃኩን ከክንዱ ነቅሎ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ማስገባት፣ የታችኛውን ቱቦ ፈትቶ በዘንጉ በኩል ግፊት መስጠት። ከታች ዘይት ከመጣ ጎሚኒው አልፏል።

ቫልቩ ውስጥ ያለው ተንሸራታች ብረትና ቤቱ በማይክሮን በሚለካ ክፍተት የተገጣጠሙ ናቸው። አንዴ ከተበሉ ኦሪንግ መቀየር አያድናቸውም፤ ኦሪንጉ የሚያቆመው ወደ ውጭ የሚያፈሰውን ብቻ ነው። ያኔ ያገለገለ ደህና ቫልቭ ፍለጋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ መውረድ ይመጣል። የጃኩ ዘንግም ይታይ። ክሮሙ የተላጠ ወይም በዝገት የተቦረቦረ ከሆነ አዲሱን ጎሚኒ በሳምንታት ይቀደዋል። ዘይቱ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውኃ ገብቶታል፤ ከነቱቦው ከነማጠራቀሚያው ሳይታጠብ አዲስ ዘይት መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ብየዳው ብዙ አያስወራም። ክንዱ ላይ ስንጥቅ ካለ ጫፎቹ ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይደረግና እንዳይሄድ ይቆማል፣ ስንጥቁ ተሞርዶ ይከፈታል፣ ከዚያ ይበየዳል። የባኬቱ ስለት ጠንካራ ብረት ስለሆነ ሞቅ ተደርጎ፣ በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ ቢበየድ ይመረጣል፤ እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ የሚሰነጠቅ ብየዳ ይሰጣል።

ስለ አደጋው ግን ረዘም አድርጌ ብናገር ይሻላል፤ በየጋራዡ በቸልታ የሚታለፍ ነገር ነውና። በጃክ ብቻ ተይዞ የተነሣ ክንድ ሥር አይገባም፤ በብረት ድጋፍ መታሰር አለበት፣ ድንጋይ መደርደር አይበቃም። ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ባኬቱ መሬት ይነካ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሌቨሮቹ ወዲያና ወዲህ ይነቅነቁ፤ የታሰረው ግፊት ይወጣል። የሚያፈስ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ሲገባ እምብዛም አያምም፣ በሰዓታት ውስጥ ግን ጣት ወይም እጅ ሊያሳጣ ይችላል። ካርቶን አስጠግቶ መፈለግ ይቻላል። ቆዳውን የተበሳ ሰው ታጥቦ ወደ ሥራ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፤ የገባበትም ዘይት መሆኑን ይናገር።

አንዳንዱ ማሽን ደግሞ መነካት የለበትም። ዋናው ፍሬም ከታጠፈ፣ ክንዶቹ ከተጣመሙና ግራና ቀኙ በገመድ ሲለካ ሰያፉ እኩል ካልመጣ፣ ፓምፑና ቫልቩ አብረው ካለቁ፣ ለመለዋወጫ ፈትቶ መሸጥ ያዋጣል። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እንዲያውም ገና ሳይፈታ አዲስ ቢጫ የተቀባ ሎደር ሲቀርብልኝ ጥርጣሬዬ ይጨምራል። በብየዳው ላይ ምን እንደተሸፈነ አይታወቅም።

ተጠግኖ ሲወጣ ባዶውን ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፣ በጃኮቹ ውስጥ የቀረው አየር ይወጣል፣ የዘይቱ መጠን እንደገና ይታያል። መጀመሪያ ግማሽ ባኬት ብቻ ይጫን። ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ ብሎኖችና ዳዶዎች ይጠበቃሉ፤ ክንዱን ከትራክተሩ ጋር የሚያስሩት በተለይ። ግሪስ በየጠዋቱ፣ አሮጌው ጥቁር ሆኖ ከዳር እስኪወጣና አዲሱ እስኪከተል ድረስ ይሰጣል። የኪራይ ማሽን ላይ ይህ ሥራ የማን እንደሆነ ባለቤቱና ኦፕሬተሩ አስቀድመው ቢነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም የሌላው ነው ብለው የተዉት ፒን ነው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው።