ልጃችን ሥዕል ቢወድስ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚያቀና መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ) የፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ካለው ብርድና ጉም ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ይቀበለዋል። ገብሱ በማሽላና በማሾ፣ በጉ በግመል ይተካል። በዚህ አገር የሚያድግ ልጅ ያየውን ለመሣል እርሳስ ቢያነሳ አይደንቅም።

ይሁን እንጂ ከወላጆች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ፤ «መምህር፣ ልጄ ደብተሩን በሥዕል ሞላው። ይህ ነገር ሐራም አይደለም ወይ? ደግሞስ ምን እንጀራ ይሆነዋል?» ጥያቄው ሁለት ነው፤ አንዱ የዲን፣ ሌላው የኑሮ። ለየብቻ እንያቸው።

የዲኑ ጥያቄ

ነፍስ ያላቸውን ነገሮች ምስል ስለሚሠሩ ሰዎች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲሶች ከባድ ማስጠንቀቂያ መጥቷል። ይህን አቃልሎ ማየት አይገባም። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው መስመር የማስመርንና ቀለም የማዋሐድን ችሎታ ሁሉ የሚዘጋ አይደለም። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ መተዳደሪያው ምስል መሥራት የሆነ አንድ ሰው ኢብኑ ዓባስን (ረ.ዐ) ሊጠይቅ መጣ። ሐዲሱን ሲሰማ በጣም ደነገጠ። እርሳቸውም መተው ካልቻለ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መከሩት። ልብ በሉ! እኒህ ታላቅ ሶሓባ ሰውየውን ከልክለው ብቻ አልሸኙትም፤ የሚሄድበትን መንገድም አሳዩት።

በወረቀት ላይ ስለሚሣል የሰውና የእንስሳት ምስል፣ እንዲሁም ስለ ፎቶግራፍ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። ዝርዝሩን ከአካባቢያችሁ ዑለማ ጠይቁ። ተራራው፣ ዛፉ፣ ወንዙ፣ ቤቱ፣ ሐረጉና ጂኦሜትሪው ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች የፈቀዱት ሰፊ ሜዳ ነው።

ሙስሊሞች በዚህ ሜዳ ላይ

የባግዳዱ ወዚር ኢብኑ ሙቅላ (እ.ኤ.አ በ940 የሞተ) የዐረብኛን ፊደል በልኬት አስያዘው። የብዕር ጫፍ የሚጥላትን ነጥብ መለኪያ አድርጎ የአሊፍን ቁመት በነጥብ ቆጠረ፤ ሌሎቹን ፊደላትም አሊፍን ዲያሜትር ካደረገ ክብ ጋር አስማማቸው። በግራናዳ የአልሐምራ ግድግዳዎች ላይ ያሉት ጌጦች በኮምፓስና በማስመሪያ ሊነደፉ የሚችሉ ናቸው። የሆላንዱ ሠዓሊ ኤሸር እ.ኤ.አ በ1922 እና በ1936 እዚያ ሄዶ እነዚህን ጌጦች አጥንቷል፤ ከዚያ በኋላ የሠራቸውን ሥዕሎች ዛሬ የሒሳብ መምህራን ለማስተማሪያ ይጠቀሙባቸዋል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በይፋት ሱልጣኔት ምድር እንደ አስባሪና ኖራ ባሉ ስፍራዎች በድንጋይ የታነጹ የጥንት መስጊዶች ፍርስራሽ ይገኛል፤ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ) የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አጥንተዋቸዋል። በበሪ ይፋት ደግሞ የወላስማ ሥርወ መንግሥት መካነ መቃብር ከዐረብኛ ጽሑፉ ጋር ይገኛል። ግድግዳን ለክቶ፣ የሚሕራብን ቅስት አይቶ በወረቀት ማስፈር የሚችል የይፋት ልጅ የአያቶቹን ታሪክ መዝጋቢ ነው። የፈረሰ ድንጋይ አይመለስም፤ በትክክል የተሣለ ግን ይቆያል። ይህን ሥራ ከውጭ የመጣ ሰው ብቻ እንዲሠራው መተው አለብን?

የኑሮው ጥያቄ

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ «የክወናና የእይታ ጥበብ» የሚባል ትምህርት አለ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ሥዕል ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አይቀጥልም። ልጁ እጁ ሊፈታ በጀመረበት ዕድሜ ትምህርቱ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ቤተሰብም ደብተሩን ከቀደደበት ችሎታው እዚያው ይቀራል።

ይህ ጉዳት ከሥዕል አልፎ ይሄዳል። የማሽላ ራስ እያየ እንዲሥል የታዘዘ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬዎቹ እንዴት እንደተደረደሩ ያስተውላል። ባዮሎጂም ሆነ ጂኦግራፊ የሚያይ ዓይን ይፈልጋሉ። አርክቴክቸር፣ የጨርቅ ንድፍ፣ የመጽሐፍ ገጽ ቅንብርና ካርታ ሥራ ሁሉ በዚህ ችሎታ ላይ የቆሙ ሙያዎች ናቸው።

ከተራራችን ብዙም በማይርቀው አንኮበር እ.ኤ.አ በ1932 የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። እርሱ ግን ወደ ሥዕል አዘነበለ፤ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ያህል ባለ ቀለም መስታወት የእርሱ ሥራ ነው። ዓለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያስተምራል። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት የሰው አካል መሣልና ቅርጻ ቅርጽ የትምህርቱ ክፍል መሆናቸውን መሸሸግ አይገባም። ስለዚህ ቤተሰብ ከልጁ ጋር መነጋገር ያለበት ልጁ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ መጣላት ለማንም አይበጅም።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ደብተሩን አትቅደዱ፤ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት። የሒሳብ ደብተሩን ከሞላው የሥዕል ደብተር ለይታችሁ ግዙለት። ኮምፓስ፣ ማስመሪያና እርሳስ ለመጀመሪያ ይበቁታል። ከቁርኣን ቂርኣቱና ከቤት ሥራው በኋላ የራሱ ሰዓት ይኑረው። የክፍል ሥራው ሕሊናችሁ የማይቀበለውን ምስል የሚጠይቅ ከሆነ ወደ መምህሩ ሄዳችሁ በትሕትና አስረዱ፤ በሰው ፊት ፈንታ የመስጊዱን በር ወይም የሾላውን ዛፍ እንዲሥል መጠየቅ ይቻላል።

ሴቶች ልጆቻችንንም አንርሳ። እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ አክርማውን ቆጥረው፣ ቀለሙን አማርጠው፣ ክቡን ሳያዛንፉ ይጨርሳሉ። ማንም ንድፍ ነው ብሎ አልነገራቸውም እንጂ ሥራቸው ንድፍ ነው። ልጃገረዲቱ ያንኑ ንድፍ በወረቀት ብታወጣው የእናቷን ዕውቀት ወደ ትምህርት ቤት ወሰደችው ማለት ነው።

ልጆች አማና ናቸው፤ የእጃቸው ችሎታም ከዚያው አማና ውስጥ ነው። ወሰኑን እያሳየን እናሳድገው። አላህ የሚጠቅማቸውን ዕውቀት ይወፍቃቸው።