የማስታወቂያ ጽሑፍ ሥራን በዕቅድ መምራትና መከታተል

በፍሪላንስ የሚሠራ የማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ ጊዜ የተለያዩ ደንበኞችን ሥራ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ለአንዱ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ለሌላው የቴሌግራም ቻናል ጽሑፍ፣ ለሦስተኛው የምርት መግለጫ ያዘጋጃል። በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሥራ ኃላፊ፣ የሒሳብ ሠራተኛና መዝገብ ቤት ተከፋፍለው የሚያከናውኑትን ተግባር ብቻውን ይወጣል። በመሆኑም ገቢው የሚወሰነው በጽሑፉ ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ የሥራውን ወሰን አስቀድሞ በመለየቱና ሂደቱን በመመዝገቡም ጭምር ነው።

ከሥራው በፊት

በቃል ወይም በስልክ የተሰጠ ትእዛዝ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይገባል። ማረጋገጫው የጽሑፉን ዓይነትና ርዝመት፣ ቋንቋውን፣ የማስረከቢያውን ቀን፣ በደንበኛው በኩል የሚያጸድቀውን ሰው፣ የቅድመ ክፍያውን መጠን እንዲሁም በዋጋው ውስጥ የተካተተውን የእርማት ዙር ብዛት ይይዛል። ለምሳሌ በ10,000 ብር ለ4 ቀናት የታሰበ ሥራ ገደብ በሌለው እርማት 8 ቀናት ቢወስድ፣ የባለሙያው የቀን ገቢ ከ2,500 ብር ወደ 1,250 ብር ይወርዳል። የቃላት ማስተካከያ እርማት ነው፤ የምርቱ ወይም የታለመው ገዢ መለወጥ ግን አዲስ ሥራ በመሆኑ አዲስ ዋጋና ቀን ሊሰጠው ይገባል።

የጊዜ ዕቅድ

ዕቅዱ ማስታወቂያው ከሚተላለፍበት ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ይዘጋጃል። ለረቂቅ፣ ለደንበኛው አስተያየት፣ ለእርማትና ለማጽደቅ የተለያዩ ቀናት ይመደባሉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል፣ ስለ ምርቱ የሚጻፈውን ማስረጃ ከደንበኛው ለመቀበልም ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል። እንቁጣጣሽን፣ ገናንና ፋሲካን የመሳሰሉ በዓላት ሲቃረቡ ትእዛዞች ሊደራረቡ ስለሚችሉ፣ የሚቀበሉትን ሥራ ብዛት አስቀድሞ መወሰን ይመከራል።

ደንበኛው በውጭ አገር የሚገኝ ከሆነ ቀኑ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች ይጻፋል፤ ለምሳሌ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ነው። ሰዓትን በተመለከተም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚባለው በዓለም አቀፉ አጠራር ከጠዋቱ 9 ሰዓት መሆኑን፣ የደንበኛው አገር የሰዓት ልዩነትም ተጨማሪ ስሌት እንደሚጠይቅ ማስታወስ ያሻል።

ክትትል

ለክትትል አንድ ሠንጠረዥ በቂ ነው፤ በደብተርም ሆነ በኤክሴል ሊያዝ ይችላል። እያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር ይኖረዋል። ደረጃውም «በዝግጅት ላይ»፣ «ደንበኛው ዘንድ»፣ «የጸደቀ» እና «የተከፈለ» በሚል ይመዘገባል። «ደንበኛው ዘንድ» የሚለው ደረጃ ረቂቁ ከተላከበት ቀን ጋር ሲመዘገብ መዘግየቱ በማን በኩል እንደተፈጠረ ያሳያል። ስለዚህ አስተያየቱ 3 ቀን ከዘገየ የማስረከቢያው ቀንም በዚያው ልክ እንደሚራዘም በስምምነቱ መግለጽ አለመግባባትን ይቀንሳል።

ሠንጠረዡን በየሳምንቱ መጀመሪያ መገምገም፣ የጸደቀ ሥራ የክፍያ መጠየቂያ በዚያው ዕለት መላክ፣ ደረሰኞችንና የተቀናሽ ግብር ማስረጃዎችን በየደንበኛው ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ይህም ባለሙያው ያልተሰበሰበ ክፍያውን በወቅቱ እንዲጠይቅና ዓመታዊ ግብሩን በተሟላ ማስረጃ እንዲያሳውቅ ያስችለዋል።