ተጨማሪ መረጃ፦ የክሮሞዞም መቋጫ

ነጠላ ጫፉ ካልተቋጨ ይተረተራል። ክሮሞዞምም ጫፉን የሚጠብቅለት መቋጫ አለው፤ ቴሎሜር ይባላል። የዚህን መቋጫ ምስጢር ከፈቱት ሳይንቲስቶች አንዷ ኤልዛቤት ብላክበርን ናቸው።

ብላክበርን እ.ኤ.አ. በ1948 በአውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ደሴት፣ በሆባርት ከተማ ተወለዱ። በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ ካጠኑ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በፍሬድሪክ ሳንገር ቤተ ሙከራ የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅደም ተከተል ማንበብ ተማሩ፤ በ1975ም ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ።

ከዚያም በአሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ቴትራሃይሜና የተባለውን በኩሬ ውኃ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ማጥናት ጀመሩ። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፍጡሩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክሮሞዞሞች ስላሉት የሚመረመር ጫፍ ሞልቶታል። ጫፎቹም ላይ «ቲ-ቲ-ጂ-ጂ-ጂ-ጂ» የሚል ባለ ስድስት ፊደል ቅደም ተከተል ተደጋግሞ ተገኘ።

ሕዋስ በተከፋፈለ ቁጥር ቴሎሜር ያጥራል። ታዲያ ያጠረውን ማን ይቀጥለዋል? በ1984 የገና ዕለት የብላክበርን ተማሪ ካሮል ግራይደር ቤተ ሙከራ ገብተው የሙከራቸውን የራጅ ፊልም ሲመለከቱ፣ እንደ መሰላል የተደረደሩ ጥቋቁር መስመሮች አዩ። ቴሎሜርን የሚቀጥል የአዲስ ኢንዛይም አሻራ ነበር። ኢንዛይሙ በኋላ ቴሎሜሬዝ ተባለ።

በ2009 ብላክበርን፣ ግራይደርና ሌላው የቴሎሜር ተመራማሪ ጃክ ሾስታክ የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

አስተውሉ፦ በአብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ቴሎሜሬዝ በብርቱ ይሠራል። ይህ ለሕዋሳቱ ምን ይጠቅማቸዋል?